ስንቅና ድርጎ

ጥቅምት 2015 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ አሥራ አንድ ሆነን ከባሕር ዳር ተነሣን። የእግር ጉዞ ማኅበር ነን እንበል እንጂ ማኅተምም መተዳደሪያ ደንብም የለንም። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ አቅጣጫ እንመርጣለን፤ ፀሐይዋ ሳትከር እንራመዳለን፤ ከዚያ ጥላ ፈልገን ቁጭ ብለን ቁርሳችንን አብረን እንበላለን። ይኸው ነው። ከፊሎቻችን ለጤና፣ ከፊሎቻችን ለወሬ፣ አንድ ሁለቱ ደግሞ (ስም አንጠራም) ለቁርሱ ብቻ ነው የሚመጡት።

የዚያን ዕለት ተራው የጢስ ዓባይ ነበር። ስንቁ ከማታው ተሰናድቷል። ሃያ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ሁለት ድፎ ዳቦ፣ አንዲት ጓደኛችን ከቡሬ ከቤተሰቦቿ ያመጣችው በሶ፣ ሌላው ጓደኛችን እናቱ ከአርሲ የላኩለት ጭኮ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ፣ ሁለት ፔርሙስ ሻይ። ሻንጣውን የተሸከመው የጽጌን ጾም የሚጾመው ጓደኛችን ነው። የማይበላ ሰው ግምጃ ቤት ይሁን ብለን በሙሉ ድምፅ መረጥነው።

ይህን የምንጽፈው ግን ሽርሽራችንን ለማውራት አይደለም። ሽርሽርማ ሁሉም ይሸራሸራል። በዚያ ማለዳ በቁርሱ መኻል አንድ ሙግት ተነሣ። መነሻው አንድ ሰሐን ድንች ነበር። ነገር ግን ወደ ግቢ ከተመለስን በኋላም አልበርድ ብሎ ብዙ ሳምንት ቤተ መጻሕፍት አስቀመጠን። ሙግቱን ለጊዜው እናቆየውና መንገዱን እንጀምር፤ ያለ መንገዱ የድንቹ ነገር አይገባም።

ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ እያነጠረ፣ አቧራው በመስኮት እየገባ፣ ጎሕ ሲቀድ ደረስን። ከከተማዋ ወጥተን በእግረኛ መንገድ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረድን። ገበያተኛው ከወዲያ ማዶ ሽቅብ ይመጣል፤ ዶሮ በእጁ አንጠልጥሎ፣ ጌሾ በጀርባው አዝሎ፣ አህያውን ከፊት አስቀድሞ። እኛ ለጤናችን የምንሄድበትን መንገድ እነሱ ለኑሯቸው ይሄዱበታል። «እንዴት አደራችሁ» ስንባባል እግራችንን አይተው የሚሥቁ አልጠፉም። ሸክም ሳይኖረው፣ ገበያ ሳይኖረው፣ ለቅሶ ሳይደርስ በማለዳ የሚራመድ ሰው ምን ይባላል?

ቁልቁለቱን እንደጨረስን የድንጋዩ ድልድይ ላይ ደረስን። የአላታ ድልድይ ይባላል፤ አስጎብኚዎች ግን የፖርቱጋሎች ድልድይ ማለት ይቀናቸዋል። ሰፊው ዓባይ እዚህ ላይ በጥቁር ድንጋይ መኻል ተጨምቆ ጠባብ ገደል ውስጥ ይገባል፤ ድልድዩም በዚያ ጥበት ላይ ተዘርግቷል። የታሪክ ጸሐፊዎች ሥራውን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1620ዎቹ ውስጥ ያደርጉታል። የአገሩ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲል ይሰጠዋል፤ ጎንደርና አካባቢዋ ያለው አሮጌ ድልድይ ሁሉ የፋሲል ስለሚባል ይመስለናል። የማንም ይሁን የማን፣ ከሦስት መቶ ሰማንያ ዓመት በላይ የጎጃምንና የበጌምድርን ሰው ሲያሻግር ኖሯል።

ስለ እነዚህ ድልድዮች በሰፊው የሚወራ ነገር አለ። ኖራው የተቦካው በእንቁላል ነው ይባላል። ይህን ሲሰማ ግምጃ ቤታችን ሻንጣውን ወደ ደረቱ ጠበቅ አደረገ፤ ሣቅን። እውነት ይሁን ተረት ሙያው ያለው ሰው ይመርምረው። እኛን የያዘን ሌላ ነገር ነው። እውነት ከሆነ፣ ያ ሁሉ እንቁላል ከየት መጣ? ቤተ መንግሥት ዶሮ አያረባም። ከየመንደሩ፣ ከየጎጆው፣ ከየሴቲቱ ቆጥ ላይ ተለቅሞ ነው የሚመጣው። ተረት ከሆነም ተረቱን ያወራው ሕዝብ አንድ ነገር ሊነግረን ፈልጎ ይሆናል። የንጉሥ ድልድይ ሲሠራ የኛም እንቁላል አለበት ማለቱ ይሆን? ይህን ጥያቄ ያነሣችው ከቡሬ የመጣችው ጓደኛችን ናት። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎን አለፍነው።

ከመካከላችን አንዱ የድልድዩን ርዝመት በርምጃ እየቆጠረ ደብተሩ ላይ ይጽፍ ነበር። አንድ ሸበቶ አባት በሬያቸውን እየነዱ መጡና ቆመው አዩት።

«ደግሞ አሁን ምን ልትለኩ መጣችሁ?» አሉ።

«ኧረ ምንም አባባ፣ ተማሪዎች ነን፤ ለመማር ነው።»

«እነዚያም ለመማር ነው ይሉ ነበር» ብለው በሬያቸውን ነድተው ሄዱ። የትኞቹ «እነዚያ» እንደሆኑ አልነገሩንም፤ ልንጠይቃቸውም አፈርን። ጎጃም ላይ ደብተርና ሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1967 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፤ በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ ገማቾቹን አላስገባም አለ። መለካት የርስት መነጠቂያ መጀመሪያ ነው ብሎ አምኖ ነበርና ጠመንጃ አነሣ። ጦር ሠራዊት ዘመተበት፤ አውሮፕላን ሳይቀር ተላከበት። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። ሸበቶው አባት ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። ጓደኛችን ደብተሩን ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ቀኑን ሙሉም አላወጣው።

ከድልድዩ ተሻግረን ሽቅብ ወጣን። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ቢሆንም ሌሊት እንቅልፍ ላጣ ተማሪ ቀላል አይደለም። አናቱ ላይ ስንደርስ ድምፁ ቀድሞ ተቀበለን፤ ከዚያ ጢሱ፤ ከዚያ ውሃው ራሱ። ፏፏቴውን እዚህ ለመግለጽ አንሞክርም፤ ያየ ያውቀዋል፣ ያላየ ሄዶ ይየው። ከፍታው ከ37 እስከ 45 ሜትር ይገመታል፤ ሙሉ ክረምት በሆነ ጊዜ ስፋቱ እስከ 400 ሜትር ይደርስ ነበር። «ነበር» የምንለው በምክንያት ነው፤ ወደዚያ እንመጣለን።

ይህን ውሃ ፊት ለፊት አይተው ከጻፉት ሰዎች ሁለቱ ዛሬም ድረስ ይጣላሉ። አንዱ ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ነው፤ በሱስንዮስ ዘመን መጥቶ ከሚወርደው ውሃ ጀርባ፣ ከድንጋዩ ሥር ተቀምጬ ነበር ብሎ ጻፈ። ሌላው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1770 መጥቶ አየና ይህ ነጭ ውሸት ነው፣ ሰው እዚያ ሊቀመጥ አይችልም አለ። ሎቦን ውሸታም ያለው ብሩስ ራሱ የፏፏቴውን ከፍታ አርባ ጫማ ገደማ ብሎ ጻፈው። አርባ ጫማ አሥራ ሁለት ሜትር ነው! እንግዲህ ፍርዱን ለአንባቢ እንተዋለን። የሁለቱንም መጽሐፍ አንብበን ስናበቃ ግን አንድ ነገር ታዘብን። ማን ከውሃው ጀርባ ተቀመጠ፣ ማን አልተቀመጠም ብለው ሲሟገቱ፣ ከገደሉ ሥር መርቶ ያወረዳቸው የአገሬ ሰው ስሙ በሙግቱ ውስጥ የለም።

«ነበር» ወዳልነው እንመለስ። በ1956 ዓ.ም. እዚሁ ጢስ ዓባይ ላይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ኃይሉ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ሲሆን የባሕር ዳርን ከተማና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን አገለገለ። በ1969 ዓ.ም. አዲሱ የብር ኖት ሲወጣ ፏፏቴው በአንድ ብሩ ጀርባ ላይ ታተመ፤ እሱም ብር በሳንቲም እስኪተካ ድረስ በአገሩ ሁሉ ኪስ ውስጥ ኖረ። በ1988 ዓ.ም. የዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ73 ሜጋ ዋት ተከተለ፤ ውሃው ከገደሉ ይልቅ ወደ ቱቦው ሄደ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋት ያለው የጣና በለስ ማመንጫ የጣናን ውሃ ከወዲያ በኩል ወደ በለስ አወረደው። እኛ በጥቅምት ስለሄድን ከክረምቱ የተረፈ ደህና ውሃ አየን። በበጋ የሚመጣ ሰው ግን ዘመዶቹ አንድ ብር ላይ ያዩትን ፏፏቴ ፈልጎ ቀጭን ክር የሚያገኝበት ጊዜ አለ። በዚህም ላይ ክርክር ነበረን፤ መብራት ይሻላል ውሃ ተብሎ። የመብራቱ ወገን አሸነፈ፤ ማታ ማታ የምናጠናው በመብራት ነውና።

አሁን ቁርሱ። ከፏፏቴው ትይዩ አንድ ዛፍ አለ፤ ከዛፉ ሥር አንዲት እናት በሣር ዳስ ቡና ያፈላሉ። እኛ ከወዲህ ዳቦአችንን ቆረስን፣ እንቁላላችንን ልጠን በሚጥሚጣ ነከርን፤ በሶውንም በላስቲክ ሰሐን በጥብጠን አዞርነው። ጀበናው ሲቀርብ አቦሉን ጠጣን። እማማ ዝም ብለው ገቡና አንድ ሰሐን ሙሉ ቅቅል ድንች አምጥተው መኻላችን አኖሩ። አላዘዝንም። ትኩስ ነበር፤ ምን አለፋችሁ፣ ሰሐኑ ወዲያው ባዶ ሆነ።

ለመነሣት ሒሳብ ስንጠይቅ የቡናውን ነገሩን። «ድንቹስ እማማ?» አልን።

«እሱ የቤቴ ነው ልጆቼ።»

ሙግቱ የተነሣው ይኼኔ ነው። ከመካከላችን አንዱ «ተዉ፣ እንሂድ፤ የአገር ልማድ ነው፤ ገንዘብ ብንሰጥ ቅር ይላቸዋል» አለ። ከቡሬ የመጣችው ጓደኛችን «ድርጎ ለምዶብን ነው እንጂ!» ብላ ተቆጣች። «አያቴ ሳይጠራ መጥቶ የሚበላን ሰው ድርጎ በሊታ ነው የምትለው። አሥራ አንድ ሰው ነን። አሥራ አንድ ሰው የበላው ድንች የአንድ ጎጆ የቀን ምግብ ነው።» ሌላው «ድርጎ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ድርጎ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው መኖሩ ሁላችንንም አሳፈረን፤ ደግሞ ልክ አልነበርንም፤ ሲጠየቁ ብዙዎቻችንም በደንብ አናውቀውም።

ድርጎ በቤተ መንግሥት ወይም በገዥ ትእዛዝ ለመልእክተኛ፣ ለእንግዳ፣ ለሹም ከሚያድርበት መንደር የሚወጣ ቀለብ ነው። እንጀራ፣ ጠላ፣ ማር፣ በግ፣ ዶሮ፣ እንቁላል። እንግዳው ስንቅ አይዝም፤ የሚይዘው ትእዛዝ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች የጻፉትን ብታነብቡ ድርጎው ዘገየ፣ ድርጎው አነሰ፣ የመንደሩ ሹም ተደበቀ የሚል ስሞታ ሞልቶታል። የተደበቀው ሹም ግን ለምን እንደተደበቀ የሚጽፍ ጥቂት ነው። ስንቅ ደግሞ የራስህ ነው፤ ከቤትህ ተፈጭቶ፣ ተቆልቶ፣ በአቁማዳ ታሥሮ በራስህ ትከሻ ይወጣል። እንግዲህ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ስለ ዓባይ መንገድ የምናነበውን ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቃላት መመዘን ጀመርን። ይህ መንገደኛ የበላው ስንቅ ነው ወይስ ድርጎ?

ከምንጩ እንነሣ። የዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በስተሰሜን፣ ሰከላ ውስጥ ይገኛል። ስፔናዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1618 እዚያ ቆሞ አየ፤ ለማየት የበቃው ከዐፄ ሱስንዮስና ከሠራዊታቸው ጋር ሆኖ ነው። በምዕራቡ ዓለም መጻሕፍት «ምንጩን ያገኘው» ይባላል። ምንጩ ግን ጠፍቶ አያውቅም። አገው ሲያከብረው፣ አማራው ጠበል ብሎ ሲጠጣው ኖሯል። አቡነ ዘርአ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ አደራ ሰጥተው ከዓመታት በኋላ ውሃ ሳይነካቸው ተቀበሉ የሚለው ትውፊት እስከ ዛሬ በአካባቢው ይነገራል። ተሳላሚው በማለዳ ተነሥቶ ይራመዳል፤ ጠበሉን በባዶ ሆዱ ይጠጣል፤ ከዚያ ዘወር ብሎ ቆሎውን፣ በሶውን ፈትቶ አብሮት ለመጣው እያካፈለ ይበላል። ማኅበራችን አዲስ ነገር የፈጠረ መስሎት ሲኩራራ፣ ይህ ልማድ ከኛ ስንት ዘመን ይቀድማል! የተሳላሚው ቁርስ ስንቅ ነው።

ብሩስስ? እሱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 ግሽ ደረሰ። አመጣጡ ሊነገር የሚገባው ነው። ከንጉሡ ከዐፄ ተክለ ሃይማኖት የግሽን መንደር በስጦታ ተቀብሎ ነበር፤ እንግዲህ ገና ሳያየው ባለ ጉልት ሆነ። የዳሞቱ ገዥ ፋሲል ደግሞ ወልዶ የሚባል ሰው መሪ አድርጎ ሰጠው፤ ኮርቻና ልጓም ያለው የራሱን ፈረስ ጨምሮ ከፊትህ እየነዳህ ሂድ፣ ማንም አይነካህም አለው። ፈረሱ የይለፍ ወረቀት ሆነ ማለት ነው። ምንጩ ሲታይ ወልዶ ጫማህን አውልቅ፣ የአገሩ ሰዎች አይፈቅዱም አለው፤ አወለቀ። ለወልዶም ቀይ መታጠቂያውን ፈትቶ ሸለመው። ከዚያ ከኮኮናት ቅርፊት በተሠራ ዋንጫ ውሃውን ቀድቶ ለአገሩ ንጉሥ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጠጣ፤ ለሩሲያዋ ንግሥት ለካትሪንም ጠጣ። የወንዙ አገልጋይ የሚባለው ክፍለ ዓባይ እዚያው ነበር። ለእሱ ጤና ጠጥቶ ከሆነ አላነበብንም።

ብሩስን ለመውቀስ ብቻ አይደለም ይህን የምንለው። ሰውዬው ደፋር ነው፤ ታዝቦ የጻፈው ባይኖር የዚያን ዘመን ብዙ ነገር ባላወቅን ነበር፤ የወልዶንና የክፍለ ዓባይን ስም እንኳ ያገኘነው ከእሱ ነው። እሱ ከመጣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳር በበቅሎ ጓዝ እየዞረ ካርታ አነሣ፤ በ1936 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። ካርታው ትልቅ ሥራ ነው። በቅሎዎቹን የጫኑት፣ ድንኳኑን የተከሉት፣ እሳቱን ያነደዱት ሰዎች የተራመዱት ግን እሱ ከተራመደው አያንስም፤ ያውም ጭነው።

የከፋው ድርጎ የእንግዳው አልነበረም፤ የሠራዊቱ ነው። የድሮ ሠራዊት መጋዘን የለውም። ስንቁ ጥቂት ነው፤ እሱንም የምትሸከመው፣ የምትፈጨው፣ የምትጋግረው ሴቲቱ ናት፤ ወፍጮ ይዛ፣ ገንቦ አዝላ ከዘማቹ ኋላ የምትሄደው። ስንቁ ሲያልቅ የገበሬው ጎተራ ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ1888 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በማመፃቸው ዐፄ ዮሐንስ ሠራዊታቸውን ይዘው ጎጃም ገቡ፤ አገሩ ተበላ፣ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። በዚያው ዘመን ከብቱ በበሽታ አልቆ ክፉ ቀን መጣ። ሠራዊቱ የበላው እህል በክፉ ቀን ላይ ምን እንደጨመረ መገመት አያቅትም። እ.ኤ.አ. በ1892 ዐፄ ምኒልክ ገበሬው ከምርቱ ዐሥራት እንዲያወጣ፣ ወታደሩም ከገበሬ ቤት ገብቶ እንዳይቀለብ አዋጅ አወጡ። አዋጁ በሁሉም አገር በአንድ ጊዜ ሠርቷል ማለት አይደለም። ነገር ግን ንጉሥ ራሱ የወታደሩ ቀለብ አገር እያጠፋ ነው ብሎ ያመነበት አዋጅ ስለሆነ ጓደኛችን ደጋግማ ትጠቅሰዋለች።

ሙግቱ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ቡሬ ትረታ ነበር። ተቃዋሚዋ ግን 1933 ዓ.ም.ን አመጣ። ጣሊያን አገሩን በያዘባቸው አምስት ዓመታት የጎጃም አርበኞች፣ እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ነጋሽ በዛብህ፣ እነ በላይ ዘለቀ፣ የበሉት ምን ነበር? መጋዘን አልነበራቸውም፤ የሰጣቸው ገበሬው ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ድንበር ገቡ፤ ከእንግሊዛዊው ዊንጌት ጦር ጋር በበላያ በኩል ሲመጡ ስንቅ የጫኑት ብዙ ሺህ ግመሎች በቆላው መንገድ አለቁ። ከዚያ በኋላ ቡሬ በየካቲት መጨረሻ ተለቀቀ፤ መንገዱ በማንኩሳ፣ በዛሬው ፍኖተ ሰላም፣ በደምበጫ አልፎ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሰ። «ይህን ሁሉ ሰው የመገበችው የዚያ መንገድ ዳር ሴት ናት፤ ድርጎ ነው በያት እንግዲህ!» አለ ተቃዋሚዋ። እሷም መለሰች፦ «ወዳ የሰጠችው ስንቅ ነው፤ ግን ወዳ ይሁን ተገድዳ የጻፈ ሰው የለም፤ የጀግኖቹን እንጂ የእሷን ስም የት አነበብክ?» ዝም አለ። ሁላችንም ዝም አልን።

እኛ ተማሪዎችም ከዚህ ነገር ነፃ አይደለንም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ 60 ሺህ ገደማ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ወረደ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ዘማቹም ያንን ሊያስረዳ፣ ገበሬውን ሊያደራጅ፣ ፊደል ሊያስቆጥር ነበር የሄደው። ቀለቡ ከመንግሥት ነው፤ በወረቀት። በተግባር ግን ከከተማ የሄደ፣ ምድጃ የማያውቅ ልጅ ገበሬ ቤት እንጀራ ሳይበላ ከርሟል ብሎ የሚያምን ሞኝ ነው። አንዳንዱ እንደ ልጅ ሆኖ በላ፣ አብሮ አረመ፣ አብሮ አጨደ። አንዳንዱ ደግሞ የድሮው ሹም ወንበር ላይ ሳያውቀው ተቀመጠ። ሸበቶው አባት «እነዚያም ለመማር ነው ይሉ ነበር» ያሉት የ1960ዎቹን ገማቾች ነው ብለን ነበር። አሁን ስናስበው የ1967ቱን ታላላቆቻችንን ሊሆንም ይችላል። ለዚህ ነው ጥያቄው ከደብተሩ ይልቅ የከበደን።

ወደ ድንቹ እንመለስ። ያን ዕለት ሙግቱ አልተፈታም። ገንዘብ ብንዘረጋ እማማ አልቀበል አሉ። በመጨረሻ ግምጃ ቤታችን ሻንጣውን ከፍቶ የተረፈውን ጭኮ በወረቀት ጠቅልሎ አቀረበላቸው። ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ነገርናቸው። ቅቤ ስላለበት እኔ ጽጌ ላይ ነኝ፣ ለልጅ ልጄ ይሁን ብለው ተቀበሉ። በዚህ ሁለቱም ወገን አሸነፍኩ አለ። ከዚያ ወደ ታች ወርደን በጀልባ ዓባይን ተሻገርን፤ ባለ ጀልባው ዋጋውን አስቀድሞ ስለተናገረ እሱ ጋ ምንም ሙግት አልነበረም።

በኅዳር ሄደን ደገምነው፤ በዚህ ጊዜ ዘጠኝ ነበርን። እማማ ከሩቅ አውቀውን እጃቸውን አነሡ፤ ልጁ ያን የቅቤውን ነገር እያለ ሲያስቸግራቸው እንደከረመ ነገሩን፤ አልያዝንም ነበርና አፈርን። ቡናው ቀረበ። ድንቹም ቀረበ፤ የአሁኑ ግን በትንንሽ ሰሐን ተከፋፍሎ ነው። ቡናውን ጠጥተን ሒሳብ ስንጠይቅ እማማ በጣታቸው ሰሐኖቹን አንድ በአንድ ቆጥረው የድንቹን ዋጋ ጨምረው ነገሩን። ከፈልን። የቡሬዋ ጓደኛችን ፈገግ አለች፤ ተቃዋሚዋ ደግሞ እስከ ድልድዩ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።